ቀጋን ከአጥር ወደ ጓሮ፦ የአገራችን ጽጌረዳ እንዴት ይለማል?

ከችግኝ ሻጭ የተገዛ ጽጌረዳ በየማለዳው ውኃ እየጠጣ፣ መጋቢት ሲገባ ይጠወልጋል። ከአጥሩ ውጭ ያለው፣ አንድ ጣሳ ውኃ እንኳ ማንም ያላፈሰሰለት ቀጋ ግን በዚያው ወር አረንጓዴ ነው። ጎንደር ከተማ ውስጥ ጓሮ ያለው ሰው ይህን ልዩነት ያውቀዋል። ሁለቱም ጽጌረዳዎች ናቸው። አንዱ በሌላ አገር የተዳቀለና በእንክብካቤ የኖረ ነው፤ ሌላው የጎንደርን ዓመት፣ አራት ወር ዝናቡንና ስምንት ወር ደረቁን፣ ለብዙ ሺህ ዓመታት ሲችለው የኖረ ነው። ቀጋን ማልማት የሚከብደው ይህን አመሉን ሳያውቁ ለጀመሩት ብቻ ነው። መቼ እንደሚቆረጥ፣ መቼ እንደሚተከል፣ መቼ ደግሞ ዝም እንደሚባል ካወቁ ቀሪውን ሥራ ተክሉ ራሱ ይሠራዋል።

ቀጋ ምን ዓይነት ተክል ነው?

ሳይንሳዊ ስሙ ሮዛ አቢሲኒካ ነው። በዚህ ስም በ1820 እ.ኤ.አ. ያሳወቀው እንግሊዛዊው የዕፅዋት ሊቅ ጆን ሊንድሊ ሲሆን፣ የጻፈበትም ስለ ጽጌረዳ ዝርያዎች ባሳተመው መጽሐፍ ነው። በዓለም ላይ ከመቶ የሚበልጡ የዱር ጽጌረዳ ዝርያዎች አሉ፤ ሁሉም በተፈጥሯቸው የሚበቅሉት ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን ነው። ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ በተፈጥሮ የሚገኘው ጽጌረዳ ግን አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ቀጋ ነው። ከኢትዮጵያ ሌላ በኤርትራና ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በየመን ተራሮችም ላይ ይታያል።

ቀጋ ወይና ደጋና ደጋ ይወዳል፤ በአብዛኛው የሚገኘው ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,900 እስከ 3,300 ሜትር ባለው ከፍታ ነው። ጎንደር ከተማ ከ2,100 ሜትር በላይ፣ ደባርቅ ደግሞ 2,850 ሜትር አካባቢ ስለሚገኙ ሁለቱም በተክሉ አገር ውስጥ ናቸው። ስለዚህ ከአዘዞ ጀምሮ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት በኩል እስከ ደባርቅ ጓሮ ያለው ሁሉ ሊያለማው ይችላል።

አበባው ነጭ ወይም ወደ ቢጫ የሚያደላ ነጭ ነው፤ አምስት የአበባ ቅጠሎች ያሉት፣ መሐሉ ላይ ቢጫ ዘለላ የያዘ፣ ጥሩ መዓዛ ያለው። በዘለላ በዘለላ ሆኖ ያብባል። ዝም ከተባለ በሌላ ዛፍ ላይ እየተንጠላጠለ ብዙ ሜትር ይወጣል፤ በየዓመቱ ከተገረዘ ግን ከአንድ ሜትር ተኩል እስከ ሁለት ሜትር የሚደርስ ለጓሮ የሚስማማ ቁጥቋጦ ሆኖ ይኖራል።

እሾሁ ለምን ወደ ኋላ ይታጠፋል?

የአጋምን እሾህ ለመስበር የሞከረ ሰው ከግንዱ ጋር አንድ መሆኑን ያውቃል፤ ወደ እሾህነት የተለወጠ ቅርንጫፍ ስለሆነ ውስጡ እንጨት ነው። የቀጋ እሾህ ግን ከቅርፊቱ ላይ ብቻ የወጣ ነው። በአውራ ጣት ወደ ጎን ቢገፉት ቅርፊቱ ላይ ትንሽ ጠባሳ ትቶ ቀንጠብ ብሎ ይነቀላል።

ጫፉ ወደ ቅርንጫፉ ሥር የታጠፈው ለተክሉ መውጫ እንዲሆነው ነው። ለጋው ቅርንጫፍ በሌላ ተክል መሐል እየሾለከ ወደ ላይ ሲያድግ እሾሁ ተኝቶ ያሳልፈዋል፤ ነፋስ ወደ ታች ሊያንሸራትተው ሲሞክር ግን እሾሁ ይነክሳል፣ ይይዘዋል። እጃችንን ወደ ቁጥቋጦው ስንከት ብዙ ሳይቧጭረን፣ ስናወጣ የሚይዘንም በዚሁ ምክንያት ነው። እጅጌ ሲያዝ መጎተት ልብስም ቆዳም ይቀድዳል። መጀመሪያ ትንሽ ወደ ውስጥ ገፋ፣ ከዚያ ወደ ላይ ብድግ ማድረግ ነው መፍትሔው። ከብት ይህን ስለማያውቅ በቀጋ አጥር ውስጥ አይገባም፤ ገበሬውም ቀጋን ከማሳና ከግቢ ዳር የሚተወው ለዚህ ነው።

ከየት ይገኛል?

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው በአካፋ ቆፍሮ ከዱር ማምጣትን ነው። ያደገ ቀጋ ተቆፍሮ ሲመጣ በአብዛኛው ይደርቃል። ምክንያቱም ውኃ የሚስቡት ወፍራሞቹ ሥሮች ሳይሆኑ ጫፋቸው ላይ ያሉት፣ ለዓይን በጭንቅ የሚታዩት ጸጉር መሰል ሥሮች ናቸው። በቁፋሮ ጊዜ እነዚህ በሙሉ ማለት ይቻላል ተበጥሰው መሬት ውስጥ ይቀራሉ። ከላይ ያለው ቅጠል ግን ውኃ ማትነኑን አያቆምም። ገቢው ተቋርጦ ወጪው የቀጠለ ተክል በሳምንት ውስጥ ይጠወልጋል።

ከተጠበቀ ቦታ መቆፈር ደግሞ ጨርሶ አይገባም። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1978 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው፤ በውስጡ ያለው ተክል ሁሉ የዚያ ቅርስ አካል ነው። የቤተ ክርስቲያን ደኖችም አገር በቀል ዕፅዋት ተጠብቀው የቆዩባቸው ቦታዎች ናቸው፤ ከዚያ ጥቂት ቁራጭ ለመውሰድ እንኳ የደብሩን አስተዳዳሪ አስፈቅዶ ነው። ከሁሉ የሚሻለው የጎረቤት ወይም የዘመድ አጥር ነው። ከአንድ ጤነኛ ቁጥቋጦ ላይ ጥቂት ቁራጮች መውሰድ እናት ተክሏን አይጎዳትም፤ እንዲያውም እንደ መግረዝ ይቆጠርላታል።

ሥር የሌለው እንጨት እንዴት ሥር ያወጣል?

በቅርንጫፉ ጫፍና በለጋ ቅጠሎቹ ውስጥ ኦክሲን የሚባል የዕድገት ንጥረ ነገር ይመረታል። ይህ ንጥረ ነገር ከላይ ወደ ታች ነው የሚጓዘው። ቅርንጫፉ ሲቆረጥ መንገዱ ይቋረጥና ኦክሲኑ ከቁርጡ በላይ ይጠራቀማል። ከቅርፊቱ ሥር፣ በቅርፊቱና በእንጨቱ መካከል፣ አንዲት ቀጭን ለስላሳ ሽፋን አለች፤ በቅርፊት በኩል አዲስ ቅርፊት፣ በእንጨት በኩል አዲስ እንጨት የምትሠራው እሷ ናት። የተጠራቀመው ኦክሲን እዚህ ያሉትን ሕዋሳት አዲስ ሥር እንዲሠሩ ያነሳሳቸዋል። በመጀመሪያ ቁርጡን የሚደፍን እብጠት ይታያል፤ ቀጥሎ ነጫጭ ሥሮች ብቅ ይላሉ። ሥር በቀላሉ የሚወጣው ከአንጓ አጠገብ ስለሆነ ቁርጡ ከአንጓ ዝቅ ብሎ መሆን አለበት።

እንግዲህ ሥራው እንዲህ ነው። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ፣ ለጋም ያልሆነ ፈጽሞም ያልደረቀ፣ የእርሳስ ውፍረት ያለው ቅርንጫፍ ይመረጣል። ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ሆኖ በሰላ መቀስ ወይም ቢላ ይቆረጣል፤ የደነዘዘ ቢላ ያቺን ቀጭን ሽፋን ይጨፈልቃታል። የታችኛው ቅጠል በሙሉ ይነሣል፤ ከላይ አንድ ቅጠል ብቻ ይቀራል፣ እሱም ግማሹ ተቆርጦ። ቅጠሉ በሙሉ ቢቀር ሥር የሌለውን እንጨት ያደርቀዋል፤ በሙሉ ቢነሣ ደግሞ ምግብና ኦክሲን የሚሠራ አይኖርም። ግማሽ አሸዋ ግማሽ አፈር በተሞላ የችግኝ ፕላስቲክ ወይም ከሥሩ በተበሳ ጣሳ ውስጥ፣ ከርዝመቱ ሁለት ሦስተኛው እስኪቀበር ይተከላል። የትኛው ጫፍ ወደ ላይ እንደሆነ መሳሳት የለም፤ ኦክሲን አቅጣጫውን አይለውጥም።

ሐምሌ የሚመረጥበት ምክንያት አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሆነ ነው፤ ቅጠሉ የሚያተነው ውኃ ይቀንሳል። ታቹ የተቆረጠ ሃይላንድ ቢደፉበት እርጥበቱ ይበልጥ ይጠበቃል፤ ሻጋታ እንዳይዘው ክዳኑ ይከፈት። ቦታው ብርሃን ያለው ጥላ ይሁን፤ በቀጥታ ፀሐይ ላይ የተቀመጠ ሃይላንድ ውስጡ ያለውን ይቀቅላል። ከአንድ እስከ ሁለት ወር ባለው ጊዜ ሥር ይወጣል። ቁራጩን እየነቀሉ ማየት የወጣውን ሥር መበጠስ ነው፤ ቀስ አድርገው ሳብ ሲያደርጉት እንቢ ካለ ይዟል ማለት ነው። ሁሉም አይጸድቅም፤ ስለዚህ ሁለት ሦስት ችግኝ የሚፈልግ ሰው አሥር ቁራጭ ይትከል።

ከዚህም የቀለለ መንገድ አለ። ወደ መሬት የቀረበ ረጅም ቅርንጫፍ ካለ፣ ሳይቆረጥ ይጎነበስና ከታች በኩል ቅርፊቱ በትንሹ ተፍቆ ይቀበራል፤ እንዳይነሣ ድንጋይ ይጫንበታል። የተፋቀው ቦታ ላይ ኦክሲኑና ስኳሩ ይጠራቀማል፤ እናት ተክሏ ግን በእንጨቱ በኩል ውኃ መላኳን አታቋርጥም። ሥር እስኪያወጣ ድረስ የሚያደርቀው የለም። በዓመቱ ከእናቱ ይቆረጥና የራሱ ተክል ይሆናል።

ከዘርስ?

ይቻላል፤ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል። ቀዩ የቀጋ ፍሬ የምንለው በእርግጥ ያበጠ የአበባ መቀመጫ ነው፤ እንደ ትንሽ ገንቦ ሆኖ እውነተኞቹን ፍሬዎች፣ ዘር የምንላቸውን ጠንካራ ቅንጣቶች፣ በሆዱ ይይዛል። የጽጌረዳ ዘር ግድግዳው ወፍራም ነው፤ ከዚህም በላይ ብቅለትን የሚከለክል ንጥረ ነገር በውስጡ አለ። አንድ ቀን ዝናብ ዘንቦ ቢያልፍ ዘሩ አይታለልም። ግድግዳው እስኪላላና ከልካዩ እስኪታጠብ ድረስ ረጅም እርጥብ ጊዜ ይፈልጋል። በደረቅ አገር ያለጊዜው የበቀለ ዘር ስለሚሞት፣ መዘግየቱ ዘሩን የሚያተርፍ ጥበብ ነው።

ስለዚህ የበሰለው ፍሬ ተከፍቶ ዘሩ በደንብ ይታጠባል፤ ውስጡ ያለው ጸጉር ቆዳን ስለሚያሳክክ እጅን መጠበቅ ነው። ውኃ ላይ የሚንሳፈፈው ባዶ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ስለሆነ ይጣላል። የቀረውን በእርጥብ አሸዋ ለውሶ ለአንድ ሁለት ወር በፍሪጅ ማቆየት ለጽጌረዳ ዘሮች የተለመደ ዘዴ ነው። ከዚያ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ተቀብሮ በጥላ ይዘራል። አንዱ በወር፣ ሌላው በስድስት ወር ሊበቅል ስለሚችል መደቡን ቶሎ አለመገልበጥ ነው።

ጉድጓዱና የመጀመሪያው በጋ

ሐምሌ የተቆረጠው ቁራጭ በጋውን በችግኝነት ያሳልፋል። የሚተከለው በሚቀጥለው ዓመት ሰኔ መጨረሻ ወይም ሐምሌ መጀመሪያ፣ ዝናቡ አፈሩን ወደ ውስጥ ካራሰው በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ የተተከለ ችግኝ ዝናቡ እስኪወጣ ድረስ ሥሩን ወደ ታች ለመስደድ ሁለት ወር ከምናምን ያገኛል። ነሐሴ መጨረሻ የተተከለው ግን ሥር ሳይሰድ በጋ ይደርስበታል።

የጎንደርን አካባቢ አፈር በሁለት ከፍለን እንየው። በተዳፋቱ ቀይ አፈር ላይ ውኃ ስለማይቆም ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ በደንብ የበሰለ ፍግ ከአፈሩ ጋር ቀላቅሎ መትከል ይበቃል። ዋልካ በሚባለው ጥቁር ጭቃማ አፈር ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ዋልካ በክረምት ውኃ ይዞ ያብጣል፤ በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል የነበረው አየር ይወጣል። ሥርም እንደኛ ይተነፍሳል፤ አየር ያጣ ሥር ይበሰብሳል። ዋልካ ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ መትከል ኩሬ ውስጥ መትከል ነው። እዚያ የሚሻለው አፈሩን ከጠጠርና ከፍግ ጋር ቀላቅሎ ከመሬት በላይ አንድ ክንድ ያህል ቆልሎ፣ ቁልሉን በድንጋይ ደግፎ መትከል ነው።

ቦታው ቢያንስ የግማሽ ቀን ፀሐይ ያግኝ፤ ልጆች ከሚሮጡበት መንገድ ሁለት ሜትር ይራቅ። በዳባትና በደባርቅ በኩል ላሉት ደግሞ ውርጭ አለ። ሰማዩ በጠራበት የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት መሬቱ ሙቀቱን ወደ ላይ ይለቃል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ወርዶ ጎድጓዳው ላይ ይተኛል። ስለዚህ ከግቢው ዝቅተኛ ጥግ ይልቅ ከፍ ያለው ቦታ ይመረጥ፤ ትንንሽ ችግኞችም ሌሊቱን ከጣሪያ ክፈፍ ሥር ይደሩ።

በመጀመሪያው በጋ ውኃ ያስፈልገዋል፤ ግን በየቀኑ በትንሹ አይደለም። በየቀኑ ሲረጭለት ላይ ላዩ ብቻ ስለሚርስ ሥሩም ላይ ላዩን ይቀራል፤ አንድ ሳምንት የተረሳ ዕለት ይደርቃል። በሳምንት አንድ ጊዜ አንድ ባልዲ ቀስ አድርጎ ማፍሰስ ውኃውን ወደ ጥልቅ ይልከዋል፤ ሥሩም ተከትሎት ይወርዳል። ሥሩ ዙሪያ ደረቅ ሣር ወይም ገለባ ቢነሰነስ ፀሐይ እርጥበቱን ቶሎ አትወስድበትም። ከሁለት በጋ በኋላ ያ የወረደ ሥርና ጠንከር ያለው ቅጠሉ ራሱን ያስተዳድሩታል። መግቢያው ላይ ያነሣነው የመጋቢት ምሥጢር ይኸው ነው።

አበባ እንዲበዛለት

ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የሚያድግ ቅርንጫፍ ጫፉ ከታች ያሉትን ዐይኖች ያስተኛቸዋል። ከጫፉ የሚወርደው ኦክሲን እናንተ ቆዩ የሚል ትእዛዝ ነው። ቅርንጫፉን አጋድመው በአጥሩ ላይ ቢያስሩት ግን የትእዛዙ ኃይል ይላላል፤ በርዝመቱ ላይ ያሉት ዐይኖች ይነቁና እያንዳንዱ አጭር ቅርንጫፍ ያወጣል። አበባው የሚይዘው በእነዚህ አጫጭር ቅርንጫፎች ላይ ነው። አንድ የቆመ ቅርንጫፍ ጫፉ ላይ የሚሰጠውን የተጋደመው ከዳር እስከ ዳር ይሰጣል።

መግረዙ አበባውና ፍሬው ካለፈ በኋላ ይሁን። የደረቀውን፣ እርስ በርሱ የሚፋተገውንና ያረጀውን ከሥሩ ማንሣት፤ በአንድ ዓመት ግን ከጠቅላላው ሲሶ በላይ አለመቁረጥ።

ክሽክሽ ለጋውን ሲወረው ወዲያው ወደ መርጫ መሮጥ አያስፈልግም። በውኃ ጠንከር አድርጎ ማጠብ አብዛኛውን ያራግፋል። ጉንዳን ሲመላለስበት ካዩ፣ ክሽክሹ የሚያወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ ፈልጎ ነውና ከጠላቶቹ እየጠበቀለት ነው፤ የጉንዳኑን መንገድ መዝጋት የክሽክሹን ጠባቂ ማስወገድ ነው። ከክሽክሽ የሚከፋው ፍየል ነው። እሾሁ ሳይጠነክር ለጋውን ስለሚበላ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ችግኙን በእሾህ ማጠር ግድ ነው፤ በተለይ መኸር ተሰብስቦ ከብት ከተለቀቀ በኋላ።

ለንብም ለልጅም

በየአበባ መሸጫው የምናየው ባለ ብዙ ድርብ ጽጌረዳ ውበቱን ያገኘው የአበባው ዱቄት አመንጪ ዘንጎች በምርጫና በማዳቀል ወደ አበባ ቅጠልነት ስለተለወጡ ነው። ለዓይን ሞልቷል፤ ለንብ ግን ባዶ ነው። የቀጋ አበባ አምስት ቅጠል ብቻ ስላለው መሐሉ ክፍት ነው፤ ንቧ በቀጥታ ገብታ ዱቄቱን ትሰበስባለች። ዱቄቱ የእጮቿ ምግብ ነው። ቀፎ ያለው ቤተሰብ ቀጋን በግቢው ዙሪያ ቢተክል ንቦቹን እየቀለበ ነው።

በበጋ ፍሬው ብርቱካናማ ከዚያም ቀይ ሲሆን ልጆች ይለቅሙታል። የሚበላው ውጭ ያለው ሥጋ ነው፤ ውስጡ ያለው ጸጉር ጉሮሮ ስለሚያሳክክ ተጠርጎ ይወጣል። የጽጌረዳ ፍሬ በቫይታሚን ሲ የታወቀ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ብርቱካን ከውጭ ማስገባት የቸገራት ብሪታንያ ከዱር የጽጌረዳ ፍሬ አስለቅማ ለሕፃናት ሽሮፕ ታዘጋጅ ነበር። ቫይታሚኑን እሳትና አየር ስለሚያጠፉት ከሁሉ የሚሻለው ትኩሱን መብላት ነው።

ለምን አንድ አይበቃም?

ከአንድ እናት የተወሰዱ ቁራጮች ሁሉ በዘራቸው አንድ ናቸው። አንዱን የሚገድል በሽታ ሁሉንም ሊገድል ይችላል። በተጨማሪም ብዙ የዱር ጽጌረዳዎች በራሳቸው ዱቄት ፍሬ አይይዙም ወይም ጥቂት ብቻ ይይዛሉ፤ ንቧ ከሌላ ተክል የምታመጣው ዱቄት ያስፈልጋቸዋል። ስለዚህ ሁለት ቀጋ የሚተክል ሰው አንዱን ከአንድ አጥር፣ ሌላውን ራቅ ካለ ሰፈር ያምጣ።

ይህ የአንድ ጓሮ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከተማው ሲሰፋ የድንጋይና የብሎኬት አጥር የተክሉን አጥር ይተካል፤ በየዓመቱም ከየመንገዱ ዳር ቀጋ ይመነጠራል። ለገንዘብ ብዙም ስለማይሸጥ ማንም አይቆጥረውም። ሊያቆየው የሚችለው አንድ ቁራጭ ለጎረቤት መስጠት የማይቸግረው ባለ ጓሮ ነው። በዚህ ሐምሌ አሥር ቁራጭ ይትከሉ፤ ከጸደቁት ውስጥ ሁለቱን ለራስዎ ያስቀሩ፣ የቀሩትን ለጎረቤት፣ ለሰፈሩ ትምህርት ቤት፣ ለደብሩ ግቢ ይስጡ። ሲሰጡም መቼ እንደሚተከልና ለምን እንደሆነ አብረው ይንገሩ፤ ሥራውን ያወቀ ሰው ተክሉን አያጣውም።